ፊቷ ወደ መንገድ ይሁን

እኛ ቤት የጋራዥን ወሬ ያመጣችው ፍየል ናት። ቀይ ፍየል፣ አንድ ቀንዷ የተሰበረ፣ የእናቴ። መኪናዬን ከካቡ ሥር አቁሜ ምሳ ልበላ ገባሁ። ስወጣ ኮፈኑ ላይ ቆማ ከወይራው ቅጠል ትቀነጥባለች። «ሂጅ» ብዬ ድንጋይ ሳነሳ ወደ ታች መውረድ ሲገባት ወደ ላይ ወጣች፤ በፓራብሬዛው ላይ ተራምዳ ጣራው ላይ። መስታወቱ ድሮም ጥጉ ላይ ስንጥቅ ነበረበት። ያቺ ሰኮና ስታርፍበት እንደ ሸረሪት ድር ሆነና ወደ ውስጥ ወረደ።

እናቴ ድምፁን ሰምታ ብቅ አለች። መጀመሪያ ያየችው ፍየሏን ነው።

«እግሯን ቆረጣት እንዴ?»

«እማዬ፣ መስታወቱን እይ።»

«አየሁት። እግሯን ነው የምልህ።»

እንግዲህ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው ጋራዥ ልሠራ የተነሳሁት።

መኪናዋ አሮጌ ቶዮታ ፒካፕ ናት። ነጭ ነበረች ይላሉ። ታላቅ ወንድሜ ከጅዳ ሆኖ ወልዲያ ላይ በደላላ ነው ያስገዛልኝ፤ ያስገዛልኝም ስለሚወደኝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እሱን ተከትዬ ባሕር እንዳልሻገር ነው። «እዚያው ሁን፣ ሰው ጫን፣ አባዬን አትተው» ብሎ ላከብኝ። እሱ ራሱ ሲሄድ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሰቆጣ ደርሼ ጫማ ገዝቼ ልምጣ ብሎ ወጣ። አባቴ ጓሮ ቀፎ ውስጥ እጃቸውን ከተው ነበርና ቀና አላሉም። ከዚያ በኋላ ድምፁን የሰማነው ሰቆጣ ቴሌ ተጠርተን በስልክ ነው፣ ከስንት ወር በኋላ። አባቴ ስለሱ ሲነሳ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «ጀርባውን እንኳ አላየሁት።» ስለዚህ ከእኔ ጀርባ ላይ ዓይናቸውን አያነሱም። ለሽንት ወደ ቁልቋሉ ስሄድ እንኳ ቀና ብለው ያያሉ።

እኔ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ዘጠነኛ ክፍልን ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴም ሳልጨርስ ወጣሁ። አንዱ አስተማሪ «አንተ ልጅ፣ እሾህ ላይ ነው የተቀመጥከው?» ይለኝ ነበር። እሾህ ባይኖርም እቁነጠነጣለሁ። ቤት ስሆን መንገዱ ይጠራኛል፣ መንገድ ላይ ስሆን ደግሞ የሚቀጥለው ኩርባ። ጅዳ የመሄድ ሐሳብ ግን አልነበረኝም። የፈለግሁት መሄድ ባማረኝ ሰዓት ማንም ሳያስቆመኝ ውልቅ ማለት ነው። ይኼን ለአባቴ ማስረዳት አልቻልኩም። ለእሳቸው ውልቅ ያለ ሁሉ ጅዳ ነው።

አሁን የፒካፗን ነገር ልንገራችሁ፣ አለዚያ ጠቡ አይገባችሁም። ሞተሪኖዋ ሞቷል። ቁልፍ ስታዞር «ጭቅ» ትልና ዝም። በግፊ ነው የምትነሳው። ቁልቁለት ላይ አቁመህ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተህ፣ ፍሬኑን ለቀህ ትንሽ ስትንደረደር ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ታደርጋለህ፤ ታስላለች፣ ታስላለች፣ ትነሳለች። ቁልቁለት ከሌለ የሰው ትከሻ ነው። ስለዚህ ከጋራዡ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አፍንጫዋ ቁልቁል መንገዱን እያየ እንዲያድር። ጠዋት ፍሬን ልለቅ፣ ልውረድ፣ ልሂድ። ማንንም «ግፋልኝ» ሳልል፣ ለማንም «የት ነው» መልስ ሳልሰጥ።

ግቢያችን ከጋዝጊብላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ አናት ላይ ነው። ቤቱ ከላይ፣ ከፊቱ ጠበብ ያለ ደጅ፣ ከዚያ መሬቱ ቁልቁል ወርዶ መንገዱ ላይ ያልቃል። ለመኪና ከዚህ የተሻለ ግቢ የለም። ፍየሏ ያንን ጉድ በሠራች ማግስት አባቴ፣ እኔና አጎቴ ቦታ ልንመርጥ ግቢውን መዞር ጀመርን። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፣ ግንበኛ። በዚያ አካባቢ የቆመ የድንጋይ ቤትና የከብት ጋጣ ሁሉ የሱ እጅ አለበት። አማርኛው ደህና ነው፤ ሲናደድ ግን ወደ ኽምጣኛ ይሻገራል፣ አባቴም እዚያው ያገኙታል። እኔ ሰቆጣ ተማሪ ቤት ስላደግሁ የምከተለው ግማሹን ነው፣ እሱም ስድቡን።

አባቴ ከቤቱ ጀርባ፣ ከከብቶቹ ጎን አሉ። ዱላቸውን ተክለው «ጥላ አለው። ነፋስ አይገባም። ውሻውም እዚሁ ነው የሚያድር።»

«አባዬ፣ እዚህ በምን ትገባለች? በአየር?»

«አጥሩ ይፈርሳላ።»

«ከገባች በኋላስ በምን ትወጣለች?»

«ምን አስቸኮላት?»

አጎቴ ሳቀ። ለእሱ አውድማው ይሻላል፣ ደልዳላ ነው፣ መሠረትም አያስቆፍርም። አባቴ ዞረው አዩት። «እህል የሚወቃበት ላይ ናፍጣ? በል አንተ ብላው።» እሱም ቀረ።

እኔ የወሰድኳቸው ከመንገዱ በላይ ወዳለችው ጠርዝ ነው። ቆሜ በእጄ አሳየሁ፤ እዚህ ትቆማለች፣ እንዲህ ትወርዳለች። አባቴ መንገዱን ቁልቁል አዩ። ቆይተው «እዚህማ ጎጆ የወጣ ልጅ ነው ቤት የሚሠራበት» አሉ። እውነት ነው፣ በእኛ አገር ከአባቱ ቤት ወርዶ ደጃፍ ላይ የሚሠራ ልጅ ተለየ ማለት ነው። እኔ ሚስት የለኝ፣ ጎጆ የለኝ፤ በጎማ ልለይ ነው? ፊታቸው ላይ ይኼ ነበር። አጎቴም ጢሙን እየጎነጎነ ነገር አመጣ። «በዚያ ላይ ዝናብ ከዚህ በኩል ነው የሚመታን። በር ወደ ምዕራብ አይከፈትም።»

«ይምታኛ። እኔ ነኝ የምመታው።»

«ግድግዳዬ ነው የሚመታው።»

ነገሩን የጨረሰችው እናቴ ናት፣ ከማድ ቤት ሆና። «እዚያው ታች ይሁን። ስትነሳ እንደ ትክትክ ነው የምታስለው፣ ጭሷም ቤቴን ሞላው።» በእናቴ ላይ የሚከራከር ሰው እኛ ቤት የለም። አባቴ ጠርዟ ላይ በዱላቸው አራት ማዕዘን ጫሩ። ከዚያ «እሺ፣ የመኪና ጋጣ እዚህ ይሠራል» አሉ።

«ጋራዥ ነው የሚባለው» አልኩ።

«ጋራዥማ የታመመ መኪና የሚታከምበት ነው፣ ወልዲያ አይተናል። የሚያድርበት ጋጣ ነው።»

ሳቅሁና ተውኩት። ቦታውን አግኝቻለሁ፣ በስም ምን አጨቃጨቀኝ። ስሙን ግን መተው አልነበረብኝም።

ፓራብሬዛ ለማስገባት ወልዲያ ሄድኩ። ያለ መስታወት፣ ፊቴን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ዓይኔ ብቻ ቀርቶ። መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ ሽፍታ መኪና ቀምቶ የሚሄድ ነው የመሰለው። ወልዲያ መስታወቱ የለም፣ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ። ሞተሪኖውን ስጠይቅ ደግሞ የዚህ ሞዴል ጨርሶ አይገኝም። በቃ ተቀመጥ። መቀመጥ ደግሞ ታውቃላችሁ። ገቢና ውስጥ አድራለሁ፣ ጠዋት መናኸሪያ እወርዳለሁ፣ ወደ ሰቆጣ የሚሄደውን አውቶቡስ አያለሁ፣ እመለሳለሁ። እዚያ ስንከራተት ግን አንድ ነገር ተማርኩ። የወልዲያ ሾፌሮች ማታ መኪናቸውን ግቢ ሲያስገቡ በኋላ ማርሽ ነው። ቂጧን ወደ ግድግዳ፣ አፍንጫዋን ወደ በር። ጠዋት መንቀሳቀስ ብቻ ነው። ይኼን ሳይ ጋራዤ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ፤ በሩ ሰፊ፣ መንገዱ ላይ አፉን የከፈተ።

አንድ ቀን መናኸሪያ ቆሜ ሳለ የሰቆጣው አውቶቡስ ረዳት ጠራኝ። «አጎትህ መሠረት ጨርሷል። ፊቱ ወደየት ይሁን ይልሃል።» አውቶቡሱ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ከጎኑ እየሮጥኩ «ወደ መንገድ በለው። ፊቷ ወደ መንገድ ይሁን» አልኩት። «ፊቷ ወደ መንገድ» አለ ረዳቱ፤ በሩን በመዳፉ ሁለቴ መታና ሄደ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር ምን አለ? መኪና ፊቷ ወደ መንገድ ከሆነ በሩም ወደ መንገድ ነው። ግድግዳ እያየች የምታድር መኪና አለች?

አለች።

መስታወቴን አስገብቼ ስመለስ አመሻሽ ላይ ከታች ከመንገዱ አየሁት። መጀመሪያ የሰው ግቢ መስሎኝ አለፍኩ። ከዚያ ወይራውን አይቼ ፍሬን ያዝኩ። ከጠርዙ ላይ ግድግዳ ቆሟል። ድፍን ግድግዳ፤ ድንጋዩ ተጠርቦ፣ ጭቃው ተልሶ፣ ቆርቆሮው አብርቶ። እንዲህ ያለ ግድግዳ ቤተ ክርስቲያን እንኳ የለውም። በር ግን የለውም። ወጥቼ ዞርኩ። በሩ በወዲያ በኩል ነው፣ ወደ ቤቱ። ከበሩ ትይዩ ደጃፉ ላይ አባቴ ተቀምጠዋል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ልክ ትይዩ።

«መጣህ» አሉኝ።

አጎቴ እጁ በጭቃ እንደተለወሰ ከውስጥ ወጣ፣ ደስ ብሎት። «እንዴት ነው?»

«በሩ የታለ?»

«ይኼው።»

«ወደ መንገድ አላልኩም?»

«ፊቷ ነው ያልክ።»

«እና?»

«እናማ ፊቷ ወደ መንገድ ነው።» ወደ ውስጥ ገብቶ የኋለኛውን ግድግዳ በመዳፉ መታው። «ፊቷ እዚህ ነው የሚሆን። ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ምን አለ? መንገድ።»

  አባቴ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ጠየቁኝ።

«በሬ ጋጣ ሲገባ በምኑ ነው የሚገባ?»

«አባዬ፣ በሬ አይደለችም።»

«በምኑ ነው?»

«በፊቱ።»

«ሲያድርስ ፊቱ የት ነው የሚሆን?»

«ግርግሙ ላይ» አልኩ። ምን ልበል።

«በል እንግዲህ» አሉ።

«ወልዲያ በኋላ ነው የሚያስገቧት። ቂጧን አስቀድመው።»

አጎቴ ወደ እናቴ ዞረ። «ቂጧን አስቀድማ ሰው ቤት የምትገባ ምን ያለች ናት?» እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። እኔ በንዴት ወደ ውስጥ ገባሁ፣ የባሰ ነገር ላገኝ። ከግድግዳው ሥር ወገብ የሚደርስ የድንጋይ መደብ ተሠርቷል።

«ይኼስ ምንድን ነው?»

«ግርግም። ጀሪካኗን የምታስቀምጥበት። ናፍጣ መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ዶሮ ይደፋዋል።»

«ይኼ የተበሳ ድንጋይስ?»

«ማሰሪያ።»

«መኪና ይታሰራል እንዴ?»

«የእጅ ፍሬኗ አይዝም ያልክ አንተ ነህ።»

«ተወው» አለች እናቴ ከበር ላይ ሆና። «ለሷ ካልሆነ ለሱ ይሆናል።»

ሁሉም ሳቁ። አባቴም ሳቁ። እኔ ያን ቀን እራት አልበላሁም፣ ማንም አልለመነኝም። አባቴን አንድ ነገር ብቻ አልኳቸው። «አውቀው ነው።» እሳቸውም «መልእክት ያመጣው ረዳቱ ነው፣ እሱን ጠይቅ» አሉ። ኋላ ረዳቱን ሰቆጣ አግኝቼ ያዝኩት፤ «ፊቷ ወደ መንገድ ነው ያልኩ፣ ፊደል አልጨመርኩ» አለና ማለልኝ። አልጨመረም። አጎቴም ጥፋት የለበትም፣ ዕድሜ ልኩን ለከብት ነው የሠራው። አባቴ ግን በዚያች መኪና ስንቴ ሰቆጣ ሄደዋል። ወደ ፊት እንደምትሄድ ያውቃሉ። ግፊም እንደምትፈልግ ያውቃሉ፣ ገፍተዋታል። እና በሩ ልክ ከተቀመጡበት ትይዩ? አላውቅም። አንዳንዴ አዎ እላለሁ፣ አንዳንዴ ጋጣ ነው ያሰቡት እላለሁ። ጠይቄያቸው የሚነግሩኝ ሰው አይደሉም።

ከዚያ ኑሮው ተጀመረ። መኪናዋ ግርግሟን እያየች ታድራለች። ጠዋት ወደ ኋላ፣ ሽቅብ፣ ወደ ደጁ ትገፋለች። እኔ መሪ ላይ አንገቴን ወደ ኋላ ጠምዝዤ፣ አባቴና አጎቴ ከፊት ኮፈኑን ይዘው፣ እናቴ አንድ እጇን ፓውዛው መብራት ላይ አድርጋ። እናቴ አትገፋም፣ ትይዛለች ብቻ፤ «እንዳይከፋት» ትላለች። ደጁ ጠባብ ነው። እዚያ ጎማ እያዞርኩ፣ ድንጋይ እያስደገፍኩ፣ ዶሮ እያባረርኩ አፍንጫዋን መልሼ በጋራዡ ጎን ወዳለችው መውረጃ አመጣታለሁ። ይኼ ሁሉ ሲሆን አባቴ መስኮቴ ጋ ናቸው።

«የት ነው?»

«ገበያ።»

«የት ገበያ?»

«ሰቆጣ ነዋ፣ ሌላ ምን ገበያ አለ ዛሬ?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መመለስ ነው።»

«በስንት ሰዓት?»

«አባዬ፣ ሰው ሲሞላ።»

«ካልሞላስ?»

መልስ አለው ይኼ? ታች መንገዱ ላይ ደግሞ ሰው እህሉን፣ ማሩን፣ ዶሮውን ይዞ ቆሞ ሁሉንም ይሰማል። እኔ ላይ ስዞር አይሱዙ ይመጣል፣ ጠራርጎ ይወስዳቸዋል። አንዲት ዶሮ ነጋዴ ነበሩ፣ ሁልጊዜ እኔን የሚጠብቁ። አንድ ቀን ከታች ሆነው «አንተ ልጅ፣ እናትህን ስታስገፋ እኔ በእግሬ ሰቆጣ ደርሼ እመለሳለሁ» አሉኝ። ሰው ሳቀላቸው፤ ሳቁ ግን በእኔ ነው። እሳቸውም ዶሯቸውን አንጠልጥለው አይሱዙው ላይ ወጡ። የያዝኩትን የጎማ ቁልፍ መሬት ላይ ወረወርኩት።

ያን ቀን ማታ ቤት ውስጥ ተናገርኩ። «ወይ ያ ግድግዳ ይፈርሳል፣ ወይ እኔ ሰቆጣ ቤት ተከራይቼ መኪናዬን እዚያ አሳድራለሁ።»

እናቴ ወደ አባቴ አየች። አጎቴ ቀድሞ «ግድግዳዬን?» አለ። «ጣራውን የተሸከመው እሱ ነው። ያን አፍርስና ቆርቆሮውን ኮፍያ አድርገው።» ከዚያ ወደ ኽምጣኛው ተሻገረ። አባቴ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር፣ መልስ ነበረኝ። ሰፌዱን ከፊታቸው ገፋ አድርገው ወጡና ቀፏቸው ጋ ሄዱ። በማግስቱም ዝም። በገበያው ዋዜማም ዝም። እኔ ሰቆጣ ሄጄ ከሆስፒታሉ በታች አንድ ክፍል አየሁ። ግቢ አለው፣ ግቢው ቁልቁለት ነው፣ በሩ ሰፊ ነው። አከራይዋ «ብቻህን ነህ?» አሉኝ። «ብቻዬን ነኝ» አልኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ የበሩን ስፋት እንደገና በእርምጃ ለካሁ። ለማንኛውም ነገ መልስ እሰጣለሁ ብዬ ተመለስኩ፣ ፍራሼንም ጠቅልዬ ፒካፗ ላይ ጫንኩ፣ እንዲታይ። ታየ። ማንም ግን አላወረደው።

ጠዋት ግን ዝም ብዬ ልሄድ አልቻልኩም። ግድግዳው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ድጅኖ ይዤ በመንገዱ በኩል ወረድኩና መሃሉን መታሁት። የአጎቴ እጅ አይቀመስም፤ እጄን አደነዘዘኝ እንጂ ድንጋዩ መፈጠሬንም አላወቀ። ደግሜ መታሁ። ስድብም አልቀረም፣ ለድንጋዩ፣ ለፍየሏ፣ ለሞተሪኖው፣ ጅዳ ላለው ወንድሜ። ቀና ስል አባቴ ከላይ ቆመው ያዩኛል።

«ከመሃል አይጀመርም» አሉ። «ይቀብርሃል። ከላይ ነው።»

«እርስዎ ደግሞ ምን አገባዎት፣ የሚሄደው እኔ።»

«አጎትህን ጥራ። መጀመሪያ ቆርቆሮው ይደገፋል።»

አጎቴ መጣ፣ እየተራገመ። ግን ሦስት ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ በትከሻው ይዞ ነው የመጣው፤ ምክር ያደረጉት እኔ ሰቆጣ ክፍል ሳይ ነው ለካ። ግንዶቹን መኪና እንዲያሳልፉ አራርቆ ከማገሩ ሥር ተከለ፣ በድንጋይ አጠበቃቸው፣ ከዚያ ከላይ ጀምሮ ድንጋዩን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረ። እንደ እንቁላል ነበር የሚያወርደው። አባቴ እየተቀበሉ ከጎን ይደረድራሉ። እኔ ጭቃውን እጠርጋለሁ። ቆይቶ አላስችል አለኝ።

«አባዬ፣ ለምንድን ነው የሚያግዙኝ?»

ድንጋዩን አስቀምጠው እጃቸውን አራገፉ። «ሰቆጣ ብትከራይ የት አይሃለሁ? ይኼን መንገድ እንኳ ከዚህ አየዋለሁ።» ከዚያ የሚቀጥለውን ድንጋይ ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። እኔም መጥረጊያዬን ያዝኩ። ሌላ ምን ይደረጋል።

ግርግሙም አብሮ ፈረሰ። አጎቴ ማሰሪያውን ድንጋይ ወስዶ ለራሱ በሬ ተከለው። ቤቱ አሁን ጋራዥም ጋጣም አይደለም፣ ሁለት አፍ ያለው ነገር ነው፤ በቤቱ በኩል ትገባለች፣ በመንገዱ በኩል ትወጣለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ልወርድ መሪ ላይ ተቀመጥኩ። ፍሬን ለቀቅሁ። አልተንቀሳቀሰችም። አጎቴ ወለሉን ደልድሎት ኖሯል፣ ከብት ደልዳላ ላይ ነው የሚተኛ ብሎ። ቁልቁለቱ የሚጀምረው ከደፉ ወዲያ ነው። ሰው ያስፈልጋል። አጎቴ ድንጋይ ሊጭን ወደ ላይ ወጥቷል።

አባቴ ከኋላዬ መጡ። ስፖንዳውን በሁለት እጃቸው ያዙና ገፉ። በስፖኪዮ አየኋቸው፤ ጥምጥማቸው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። መኪናዋ ደፉን አለፈች፣ ተንደረደረች፣ አሳለች፣ ተነሳች። እጃቸው አየር ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። የት ነው አላሉኝም። መንገዱ ላይ ወርጄ ሰው እየጫንኩ ራሱ ወደ ላይ አያለሁ፣ ይጠይቁኝ እንደሆነ። አልጠየቁም። ዶሮ ነጋዴዋ ገቢና ገብተው «ዛሬስ በሰላም ወረድክ» ሲሉኝ ተናድጄ አልመለስኩላቸውም። ምኑ እንዳናደደኝ አላውቅም። እስከ ሰቆጣ ድረስ ጉድጓድ እንኳ ሳልሸሽ ነዳሁ፤ ሰዉ ከኋላ ጣራውን እየደበደበ ሰደበኝ።

ወደ አከራይዋ ሳልሄድ ቀረሁ። ፍራሹን ማታ እናቴ ራሷ አወረደችው፤ በላዩ ላይ ተሳፋሪ ስለተቀመጠበት ስታራግፈው አመሸች።

ነገሩ ግን እዚህ አላለቀም። ሁለት አፍ ያለው ቤት ነፋስ ያሳልፋል። በዚያ አገር ሙቀት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጥላና ነፋስ ባንድ ላይ ያለበት ቦታ የት ይገኛል? አባቴ አገኙት። እኔ ስወጣ በርጩማቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ከአጎቴ ግንድ አንዱን ተደግፈው ይቀመጣሉ፣ ቀፎ ይጎነጉናሉ። መንገዱ እስከ ኩርባው ድረስ ከፊታቸው ነው። አሁንማ መንገደኛውም ለምዷቸዋል፤ «ልጅዎ ወርዷል?» ይላቸዋል፣ እሳቸውም «ወርዷል፣ ሰው ሲሞላ ይመለሳል» ይላሉ። እኔ ተመልሼ ላስገባ ስል ደጁ ላይ ጥሩምባ እነፋለሁ፣ እሳቸው የያዙትን ስንጥቅ ቀርከሃ ሳይጨርሱ አይነሱም። ሞተር አጥፍቼ ልጠብቅ እንዳልል፣ ካጠፋሁ ግፊ ነው። እዚያው እያጓራሁ እቆማለሁ። ክረምት ሲገባም አጎቴ ያለው አልቀረም፤ ዝናቡ በምዕራብ በኩል ገብቶ ወለሉን አጨቀየው፣ እሱም በመጣ ቁጥር ጭቃውን በእግሩ እየነካ ያየኛል።

አንድ ቀን ሰቆጣ ላይ ወደ ወልዲያ የሚሄዱ ሰዎች አገኘሁና አስቤበት ሳይሆን ጭኛቸው ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም፣ በማን አስነግራለሁ፤ ሞባይል ያኔ እኛ ጋ አልደረሰም። ወልዲያ አደርኩ። ሌሊቱን ገቢና ውስጥ ስገላበጥ ነው ያደርኩት፤ ወንድሜ ጫማ ልግዛ ያለው ትዝ እያለኝ ራሴን እሰድባለሁ። በማግስቱ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ኩርባው ላይ ብቅ ስል ከጋራዡ አፍ ላይ ነጭ ነገር ታየኝ። ጥምጥማቸው ነው። ወጥቼ በጎን ዞሬ ደጁ ላይ ቆምኩ። ጥሩምባ አልነፋሁም።

«አደርክ» አሉኝ።

«አደርኩ።»

«ወልዲያ ነው?»

«ወልዲያ።»

ተነሱ። በርጩማቸውን በአንድ እጅ፣ ያልጨረሱትን ቀፎ በሌላው ይዘው ከግንዱ ጥግ ጠጋ አሉ፣ መኪናዋ እንድትገባ።